ስድስት የቁጣ ፊቶች

ለዘጠነኛ ክፍሎች ለንባብ በሰጠኋቸው አንድ ጽሑፍ ውስጥ ባለሱቁ ደንበኛውን «ስካውል» አድርጎ አየው የሚል ነበረበት። አንዷ ምን ማለት ነው አለችኝ። ፊቱን አጠቆረበት ማለት ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው፤ አይቶ ማለፍ የሚባለውን ጥበብ አሳምሬ አውቀዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጠመኔዬን አንስቼ ስድስት ቃል ደረደርኩ። ፍራውን፣ ስካውል፣ ግሌር፣ ግላወር፣ ስኒር፣ ፓውት።

ፍራውን ግንባር መቋጠር ነው አልኳቸው። ስካውል ከዚያ ይብሳል፤ ፊት በሙሉ ጭፍግግ ይላል። ግሌር ዓይን ማፍጠጥ ነው። ግላወር ደግሞ ነገሩን ውጦ፣ ሳይናገሩ፣ በቂም አተኩሮ ማየት። ስኒር አፍንጫ ነፍቶ ሰውን መናቅ። ፓውት ለንቦጭ መጣል። ለንቦጭ ስል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ለመናገር በዚህ በዚህ እንግሊዞቹ አይበልጡንም። የጎሪጥ ማየት አለን፣ ማጉረጥረጥ አለን፤ ግልምጫማ ቆሌ የሚገፍ አለ። ይህንንም ነገርኳቸውና ደስ አላቸው።

ከዚያ እየተነሡ በፊታቸው እንዲያሳዩ አደረግኩ። አንዱ ለግሌር ተነሣና ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ በዓይኑ ጠረገው። ማንን እንደሚያሳይ ለማወቅ ጠቢብ መሆን አያስፈልግም፤ እኔን ነው። እኔ ቱግ የምል ሰው ነኝ፣ አልክድም። አፈጠጥኩበት። አርባ ልጅ በአንድ ድምፅ «ግሌር!» ብሎ ጮኸ። ሳልወድ ሳቅኩ፣ ደስም አለኝ፤ በዚያ ደስታ ነው የቤት ሥራውን የሰጠሁት።

የቤት ሥራው ቀላል ነበር። ለቅዳሜና እሑድ ወደየቤታቸው ሲሄዱ የአንድ ሰው ፊት መርጠው እንዲያስተውሉ፣ ከስድስቱ የትኛው እንደሆነ በአምስት ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ። ከአምስት ይታረማል አልኩ፤ ነጥብ ከሌለው ማንም አይሠራውማ።

ቃሉን የጠየቀችኝ ልጅ እጇን አወጣች። ከወግዲ በኩል ካለ ገጠር የመጣች፣ ከአክስቷ ልጅ ጋር ከተማው ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትማር፣ ዓርብ ዓርብ ስንቋን ልታመጣ የምትሄድ ልጅ ናት። አባቷ የደብር ቄስ ናቸው። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ፣ አንገቷን የደፋች፤ እኔ እንኳ አንዳንዴ «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» እያልኩ እቀልድባታለሁ። የአባትም ፊት ይሆናል ወይ አለችኝ። ለምን አይሆንም አልኳት። በጨዋ ቤት ያደገች ልጅ የአባቷን ፊት ቀና ብላ እንደማታይ እኔ ጠፍቶኝ አይደለም። እኔም ያደግኩት እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ ኩታበር ነው፤ የአባቴን እግር ከፊቱ አብልጬ አውቀዋለሁ። ግን በዚያች ሰዓት እንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ፤ ሌላው አልታየኝም።

ሰኞ ልጅቷ አልመጣችም። የአክስቷ ልጅ ደብተሯን አመጣችልኝ፤ የቤት ሥራው ነጥብ ስላለው እንዳይቀርባት ብላ ልካዋለች። ማክሰኞም ቀረች። ረቡዕ የአክስቷን ልጅ ለብቻዋ ጠርቼ ጠየቅኳት። ጫማዋን እያየች ነገረችኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው ሳለ ልጅቷ ጠላ ልትቀዳ ገብታ፣ ከአባቷ ፊት ቆማ፣ ዓይናቸውን ትክ ብላ አየች አሉ። አንዴ አይደለም። ማሰሮውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አባቷ በሰው ፊት «ምን ታያለሽ፣ ዓይን አውጣ!» ብለው ጮኹባት። እንግዶቹ ሲሄዱ ትምህርቱ በቃ አሉ። ልጄን ዓይን ማፍጠጥ አስተማሩልኝ፣ ከዚህ በኋላ ከተማ አትሄድም፣ አለቀ።

ደሜ ፈላ። እውነት ለመናገር ለልጅቷ ከማዘኔ በፊት ለራሴ ነው የተናደድኩት። አንድ የቤት ሥራ! ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገብቼ ምን ሊደረግ ነው አልኩ። እሱም መዝገቡን ገልጦ በትምህርት ቤታችን ሁለት ሳምንት ያለ ምክንያት የቀረ ተማሪ እንደሚሰረዝ አስታወሰኝ፤ እኔ የማላውቀው ይመስል። ከተሰረዘች ዓመቱ አለቀ። በዚያ ዕድሜ አንድ ዓመት ቤት የዋለች ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደምትሆን ሁላችንም እናውቃለን። የእንደነዚህ ያሉ ልጆችን የሠርግ ዳቦ በልቻለሁ፤ መርቄም መጥቻለሁ።

መምህራን ክፍል ውስጥ ስንጨረጨር የሰሙኝ የአማርኛው መምህር ናቸው። ጡረታ የተቃረቡ፣ ሰጋጅ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። እኔ ስለ ቄሱ ብዙ ከተናገርኩ በኋላ፣ ጨረስሽ ወይ አሉኝና፣ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ አሉ። አባትን በእንግዳ ፊት አዋርደሻል፤ ልጅቷ እጅ ናት፣ አዛዧ አንቺ ነሽ። ስለዚህ ደብዳቤም፣ ርዕሰ መምህርም፣ የወረዳ ሰውም አያስፈልግም። ሽማግሌ ይዘሽ፣ ድንጋይ ተሸክመሽ አፉ በሉኝ ትያለሽ።

የምን ድንጋይ አልኩ። እኔ ሰው አልገደልኩ፣ ድንበር አልገፋሁ። እሳቸው ሻያቸውን ጠጡ። ሁለት ቀን እንቢ አልኩ። ሦስተኛው ቀን ስም ስጠራ የእሷ ላይ ስደርስ ክፍሉ በሙሉ ቀና ብሎ አየኝ፤ በዚያው ዕለት እሺ አልኳቸው። ተሸንፌ ነው እንጂ አምኜ አልነበረም።

እሑድ ማለዳ ወደ ወግዲ በሚሄድ ሚኒባስ ተጭነን መንገድ ላይ ወረድንና ከዚያ በእግር ገባን። ገብሱ እየነጣ ነበር። የአማርኛው መምህር መንገድ ላይ ስለ ልጅቷ አንድም ቃል አላነሡ፤ ስለ ጉልበታቸው ብቻ አወሩ። መንደሩ ስንደርስ አስቀድመው የላኩባቸው ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ጠበቁን። አንደኛው ከአጥር ሥር የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ መርጦ ማጅራቴ ላይ አስቀመጠልኝ። ከባድ ይሁን ወይ አሉኝ እየተሳሳቁ፤ አስተማሪ ናት ቀለል ይበልላት አለ ሌላው። ቀልዱ አላስቀኝም።

ድንጋይ የተሸከመ ሰው ቀና አይልም። ይህን በልጅነቴ አይቼዋለሁ፣ ሲደርስብኝ ግን ሌላ ነው። ደጃፉ ላይ አጎንብሼ ቆምኩ፤ የሚታየኝ መሬት ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ይናገራሉ፤ ልጅ ናት፣ አታውቅም፣ የአስኳላ ነገር ነው፣ ስለ ማርያም ይላሉ። የአማርኛው መምህርም ስለ ማርያም አሉ። ቄሱ አይመልሱም። ስድስት የቁጣ ፊት ለይቼ የማስተምር ሰው የምቆጣበትንም የሚቆጣብኝንም ሰው ፊት ሳላይ፣ በድምፅ ብቻ ፍርዴን እጠብቃለሁ። ያየሁት ጫማቸውን ነው። ኮንጎ ጫማ አድርገዋል፤ የግራው ቀኝ ላይ፣ የቀኙ ግራ ላይ። በዚያ ሁሉ ንዴት ውስጥ ሳቄ መጣብኝ፤ ከንፈሬን ነክሼ ዋጥኩት።

ቄሱ በመጨረሻ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ድንጋዩ ወረደልኝ። ተባረክሁ፣ ገባሁ፣ ጉልበት ሳምኩ፣ ቁጭ በዪ ተባልኩ። ቄሱ ከበሩ ጀርባ፣ ብርሃን በማይደርስበት መደብ ላይ፣ ጥምጥማቸውን ወደ ግንባራቸው አውርደው ተቀምጠዋል። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ጓዳ ነች፤ ኮቴዋ ይሰማል፣ አልወጣችም። ዳቦና ጠላ ቀረበ፤ ለአማርኛው መምህር ውሃ መጣ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንግዲህ ልጅቷም ነገ ወደ ትምህርቷ ትሂዳ አለ፤ ያለቀ ነገር አድርጎ ነው የተናገረው። ቄሱ ግን ይቅርታው ለመምህርቷ ነው፣ ልጄ ከቤት አትወጣም አሉ። ሽማግሌዎቹ ለመኑ፣ አስለመኑ፣ የመጣንበትን ሩቅ መንገድ አነሡ። አይሆንም። ከእግዜር የታረቁ ሰው ከልጃቸው ምን አኳረፋቸው አሉ። አይሆንም። ያኔ ልነሣ ነበር። ድንጋይ ተሸክሜ ለባዶ! የአማርኛው መምህር ከዘራቸውን እግሬ ላይ ጫን አደረጉት፤ ባያደርጉት ኖሮ ምን እንደምናገር አላውቅም። ልጅቷ እንደቀረች ገባኝ።

ስንነሣ ቄሱ ሊሸኙን ወጡ። አጥሩ ጋ ስንደርስ ሽማግሌዎቹን እናንተ ቅደሙ አሉና እኔን አስቀሩኝ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ቆምኩ።

«ደብተሯ ላይ ምን ብላ ጻፈች?» አሉኝ።

በቃሌ ነበር። አባቴ ግንባሩን ይቋጥራል፤ እኔን ሲያይ ይቋጥራል፣ ላሟን ሲያይ ይቋጥራል፣ በሩን ሲያይ ይቋጥራል። በሩን አልተቆጣም። ይህንኑ ነገርኳቸው። በቀይ እስክሪብቶ ግሦቹን አርሜ ከአምስት አራት እንደሰጠኋት ግን አልነገርኳቸውም።

«አንቺስ ይሄን አንብበሽ በሩ ምን አደረገው ብለሽ አላሰብሽም?»

አላሰብኩም አልኳቸው። እውነት ነው፣ አላሰብኩም።

«በዪ ቀና ብለሽ እዪኝ።»

አርባ ልጅ ሰው አስተውሉ ብዬ የላክሁ ሰው፣ ቀና ማለት አቃተኝ። ሁለተኛ ሲሉኝ ቀና አልኩ። ጥምጥማቸውን በጣታቸው ወደ ላይ ገፋ አድርገዋል። የግራ ዓይናቸው ብሌን ውሃ ላይ ጠብ ያለ ወተት ይመስላል። የቀኙም ከዚያ ብዙ አይሻልም። ግንባራቸውን ቋጥረው ወደ እኔ ያያሉ፤ ግን የሚያዩት ትከሻዬን ነው።

ምን ያህል ሸፍኖታል አሉኝ። ያየሁትን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደነገሩኝ ከባለቤታቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም አፏን ዘግታ ይዛላቸዋለች። ቅዳሴው በቃላቸው ነው፣ መጽሐፉን ገልጠው ይቆማሉ እንጂ አያነቡትም። ልጅቷ ማሰሮ ይዛ ትክ ብላ ስታያቸው ዓይናቸውን እንዳየችባቸው ታወቃቸው፤ እንግዶቹ እንዳያዩ ነው የጮኹት። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ለኪዳን ሲወጡ ጧፍ ይዛ ትቀድማቸዋለች። ሚስት ባሏን ብትመራ አገር ያያል፤ ልጅ ጧፍ ይዛ ብትቀድም ማን ምን ይላል። ለዚህ ነው ያስቀሯት።

«ተቆጥቼ መስሎሽ ነው ድንጋይ የተሸከምሽው» አሉኝ። «ሥጋውን በእጄ ይዤ መቅደስ ውስጥ ብደናቀፍስ? ይሄን ይዤ ነው የምተኛ፣ ይሄን ይዤ ነው የምነሣ። ተቆጥቼ አይደለም። ፈርቼ ነው።»

ብልህ ሰው እዚህ ላይ ያለቅሳል ወይም ዝም ይላል። እኔ ቱግ አልኩ። ይሄ እኮ የዓይን ሞራ ነው፣ ደሴ ይገፈፋል፣ በማግስቱ ወደ ቤት ይመለሳሉ አልኳቸው። ሰምቻለሁ አሉ። ታዲያ? ደሴ ለዓይኑ ሄደ ከተባለ ከመመለሴ በፊት መቅደስ አይግባ ይላሉ፣ ባይሳካስ አሉ። እንግዲያውስ እርስዎ እንዲሸሸጉ እሷ ትጨልም ማለት ነው አልኳቸው። በዚህ ቃል፣ ለቄስ፣ በአጥራቸው ሥር። ሌላ ድንጋይ ያሸክሙኛል ብዬ ጠበቅሁ።

ከጓሮ በኩል ልጅቷ ከብት ስታስገባ ድምፅዋ ተሰማ፤ ቄሱ ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። ከዚያ ያማል ወይ አሉኝ፣ ቀስ ብለው። እንደሰማሁት አያምም አልኳቸው። የምትወስደኝ እሷ ናት፣ ከዚያ ወደ ትምህርቷ ትመለስ አሉ። ለሰው ምን ይላሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። እውነቱን አሉ፤ የካህን ዓይን መታመሙ እንጂ መታከሙ ነውር አይደለም። ይህን ለእኔ የሚሉኝ ይምሰሉ እንጂ ለራሳቸው እየተናገሩ ነበር።

መንገድ ላይ የአማርኛው መምህር ምን ተባባላችሁ አሉኝ። እሺ አሉ ብቻ አልኳቸው። አልጠየቁኝም ደግመው።

አባትና ልጅ ደሴ የሄዱት በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ነው። ሰኞ ክፍል ካልተገኘች መዝገቡ ይሰርዛት ነበር። እኔ በሃያ ዓመት ሥራዬ ተማሪ ሳይኖር አለ ብዬ አላውቅም፤ ለአንድ ደቂቃ መዘግየት ከክፍል የማስወጣ ሰው ነኝ። ስሟ ላይ ስደርስ አለች ብዬ ምልክት አደረግኩ። ሁለት ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን መዝገቡን ስመልስ የአማርኛው መምህር ከኋላዬ ቆመው አዩኝ። ፊቴ ጋለ። «አብሽሪ፣ እኔም ጋ አለች» አሉኝና መዝገቤን ተቀብለው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

ሐሙስ መጣች። ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን አወጣች፤ ጓደኞቿ ዞረው አዩዋት፣ እሷ ማንንም አላየችም። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ አስቀረኋትና አባትሽስ አልኳት። ደህና ናቸው አለች። ከዚያ በላይ ልትናገር የፈለገች አትመስልም፣ እኔም ልተዋት ነበር። በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰችና፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሳትቸኩል ነገረችኝ።

ሞራው በተገፈፈ ማግስት ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ ከአልጋው አጠገብ ቆማ ነበር። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ፣ ደግመው ጨፍነው ገለጡ፤ ግድግዳውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። ወደ እሷ ሲዞሩ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፋች። ቀና በዪ አሏት። አላለችም። በዚያች የማሰሮዋ ቀን ጮኸውባት የለ፤ ፈርታለች።

አባቷ እጃቸውን ዘርግተው አገጭዋን ቀና አደረጉት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ፊትሽን አላየሁትም» አሏት። ቆዩና «አድገሻል እኮ» አሉ።